ልጁ በልብስ ሰፊዋ ቴሌቪዥን ላይ

አክስቴ እግሯ በጀሶ ተጠቅልሎ ከተቀመጠች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ደረጃ ስትወርድ ወድቃ ነው፤ እሷ ግን "ደረጃው ነው የገፋኝ" ትላለች። ዛሬ ልጇ በነርስነት ይመረቃል። አዳራሹ መሄድ አትችልም። ምረቃው በቀጥታ በስልክ ይታያል፣ ግን ዓይኗ ደክሟል፤ ስልክ ላይ የሰው ፊት ለእሷ ምስር ያክላል።

"ቴሌቪዥኑ ላይ አውጣልኝ። ፊቱን ማየት አለብኝ" አለችኝ።

"ምን ችግር አለው! በሁለት ደቂቃ!" ስምንተኛ ክፍልን ስለወደድኳት ሦስት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በስልክ ግን ማንም አይበልጠኝም።

ስልኬን ከፍቼ ስክሪን ማጋሪያውን ነካሁት። የቴሌቪዥኑ ስም መጣ፣ ተጫንኩት። "ተገናኝቷል" አለኝ። የአክስቴ ቴሌቪዥን ግን ጭጭ።

"የታለ?"

"እየመጣ ነው።"

"በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?"

ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩት። ያኔ የመድረክ መሪው ከግድግዳው ማዶ አምባረቀ። ቀጥሎ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ጩኸት፦ "ኧረ ማነው ቴሌቪዥኔ ውስጥ የገባው?"

ወዲያው ገባኝ። ሁለቱ ሴቶች እልኸኞች ናቸው። አንዷ ቴሌቪዥን ስትገዛ ሌላዋ በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ከዚያው ሱቅ ገዛች። ስልኬ ላይ የሚመጣው ስማቸውም አንድ ነው። በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ከተኳረፉ ደግሞ ዓመት አልፏቸዋል።

"ቆይ፣ አቋርጬ በኛው..."

"እንዳትነካው! ስንት ሰው ቀረው?"

"ስድስት።"

"ካቋረጥከው እስኪጠራ ይደርሳል?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ውሸት ጎድሎኝ አያውቅም። "እንጃ" አልኩ።

"እንግዲያው ግፋኝ!"

ጎማ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጬ በኮሪደሩ አስፈተለክኳት። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ሪሞቷን እንደ ዱላ ይዛ በሩን ከፈተች።

"አንቺ ነሽ? ቴሌቪዥኑ 'ይፈቀድ?' ሲለኝ ሳላውቅ እሺ ብል እንዲህ ትጠግቢብኛለሽ?"

"ልጄ ነው" አለች አክስቴ። "ሊጠራ ነው።"

ሴትየዋ ስክሪኑን አየች፣ ጀሶውን አየች። "ታዲያ በር ላይ ምን ይገትርሻል? ግቢ!" አለችና የጨርቁን ክምር በእግሯ ገፋ አደረገችው።

ገና ከመግባታችን ተጠራ። ፊቱ ስክሪኑን ሞላው፤ ጆሮው ብቻውን ትሪ ያክላል።

"ከስቷል" አለች አክስቴ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጥርሷም አልከደን ብሎ።

"ምን ከሳ! ጋውኑ ነው ትልቅ የሆነበት። እኔ ጋ ቢያመጣው ልክክ አደርግለት ነበር።"

"አሁን በኛ ቤት ላገናኝልሽ?" አልኩ።

"ዝም በል፣ ድጋሚውን ክፈት!" አሉኝ ሁለቱም እኩል።

አራት ጊዜ ከፈትኩላቸው። ልብስ ሰፊዋ ለተሰበረው እግር ትራስ ልታመጣ ስትነሳ አክስቴ ጆሮዬን ሳብ አድርጋ፣ "የኔው ቴሌቪዥን ምስሉ ይበልጥ ጥርት ይላል" አለችኝ፤ "እንዳትነግራት።"