ባዶ ሳጥን የሌለው ሠንጠረዥ

ትሩፋት አራስ እህቷን ስትጠብቅ ሐሙሲት ከተማ ከርማ፣ ወረታ ወዳለው የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ስትመለስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አየችና ደሟ ፈላ። የሩዝ ዘር ድልድሉ ነው። አንድም ባዶ ሳጥን የለውም። እሷ ሠርታ የሄደችው ግን ግማሹ ባዶ ነበር፤ ባዶ መሆንም ነበረበት።

በኤስኪውኤል፣ በኮምፒውተር የመረጃ ቋንቋ፣ የጻፈችው ትእዛዝ መጀመሪያ እያንዳንዱን ቀበሌ ከእያንዳንዱ የዘር ዓይነት ጋር ያጣምራል። ቀጥሎ አንዲት መስመር ከጥምሩ የማይሆነውን ታወጣለች፤ የደረቅ መሬት ዘር ውሃ ለሚተኛበት ቀበሌ እንዳይደርስ። ከዚያ በኋላ ነው ዘሩ ለቀሩት እንደ መሬታቸው ስፋት የሚከፋፈለው። ያቺን መስመር አንዱ ነቅሎ ጥሏታል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

"እኔ ነኝ" አለ ኃላፊው እንዳልካቸው፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። "ባዶ የበዛበት ሪፖርት ለበላይ አይቀርብም። አሁን ሁሉም ቀበሌ ከሁሉም ዓይነት ደረሰው። ፍትሕ ማለት ይኸ ነው።"

"ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ እኮ ክረምት ሲገባ ሐይቅ ነው የሚሆነው። ምን እንዲያጭዱ ነው፣ ዓሣ?"

"ዘሩ ከመጋዘን ከወጣ ሰነበተ። አትድከሚ።"

ፍትሕ አለ ደግሞ። ጫማው የፎገራን ጭቃ ረግጦ የማያውቅ ሰው። ትሩፋት በሩን በላዩ ላይ ደርግማ ወጣች።

ባጃጁ ውስጥ እየተንገጫገጨች አንድ ተስፋ ብቻ ነበራት። የፎገራ ሜዳ ገበሬ ያልተስማማውን ዘር ዝም ብሎ አይዘራም፤ ይፋግ ገበያ ወስዶ መሬቱ ከሚስማማው ሰው ጋር ይለዋወጣል። ዘንድሮም ለውጠውት ይሆናል። እንዳልካቸውን አንጀቷ እስኪቃጠል እየረገመች፣ ይህን ደግሞ እየለመነች የትውልድ ቀበሌዋ ቁሐር ሚካኤል ደረሰች።

አጎቷ መምሬ ባምላክ ሱሪያቸውን ሰብስበው ማሳቸው ውስጥ ቆመዋል። ቡቃያው ከውሃው በላይ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው።

"ዘሩን ይፋግ ወስዳችሁ አልለወጣችሁትም፣ መምሬ?"

"ሊለውጡትማ ነበር" አሉ እየሳቁ። "ጎረቤታችን ዘመኑ ገና ዘግኖ እንዳየው፣ 'ይኸ የኛ መሬት ዘር አይዶለም' አለ። ሰዉ አህያውን ጭኖ ሊነሳ ሲል እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ቅዳሴ ሲወጣ ቆሜ፣ 'ትሩፋት መሬታችንን አስልታ የላከችው ነው፤ የገዛ ልጃችሁን ሥራ ገበያ አውጥታችሁ አታዋርዱ፣ በሚካኤል ገዝቻችኋለሁ' አልኋቸው። ማን ግዝት ያፈርሳል? ዘሩት።"

ትሩፋት ለእንዳልካቸው ያዘጋጀችውን እርግማን ትታ ውሃው የዋጠውን ቡቃያ አየች። መምሬ ፊቷን አዩና ሳቃቸውን ተዉ።

"ከውሃው ይወጣል አይዶል፣ ልጄ?"

"አይወጣም። እኔ የሠራሁትን ኃላፊዬ አበላሽቶት ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሰዉ ራሴ እናገራለሁ። እሱንም ከነጫማው ጎትቼ እዚህ ጭቃ ውስጥ አቆመዋለሁ።"

መምሬ ጎንበስ ብለው አንድ ቡቃያ ነቀሉና ሥሩን አገላብጠው አዩት።

"አምጪው" አሉ ቀስ ብለው። "ግን እሱ አልገዘተም፣ ልጄ። የገዘትሁት እኔ ነኝ።"