ኖር ያላልኩት ሰው

አሜሪካ ውስጥ፣ ሜፕልዉድ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የጥንት ገበሬ የድንጋይ ቤት ዘበኛ ነኝ። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። የገበሬው ወንበሮች በገመድ ታጥረዋል፤ ሰው የሚቀመጥበት የእኔ በርጩማ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጁ ጋር እያወራ ገባ። ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም በድምፁ ዐወቅሁት። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ወንድሜን ቦጋለን ከቤታችን አስወጥቶ ያስገደለው እሱ ነው። እኔን አላስታወሰኝም። እያነከሰ መጥቶ በርጩማዬን አየ። በወጋችን «ኖር» ብዬ መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም።

«አባባ፣ እባክዎ ለአባቴ ይልቀቁላቸው። ጉልበታቸውን ሰርጀሪ አድርገዋል» አለች ልጁ።

«ይቁም።»

«ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነዎት?»

«የቦጋለ ወንድም ነኝ። አባትሽን ጠይቂው።»

የሰውየው ፊት ዐመድ መሰለ።

«ልጄ፣ እንሂድ።»

«ቦጋለ ማነው?» አለችው።

እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደ።

«ግድግዳ መደገፍ ክልክል ነው» አልኩት።

እጁን መለሰ። ልጁ ደግማ ጠየቀችው። ከኋላቸው ሌሎች ጎብኚዎች መጡ። በእጄ ምልክት አስቆምኳቸውና መልሱን ጠበቅሁ።