ስልኬ ውስጥ ያለው ሰውዬ

ስልኬ ውስጥ አንድ ወንድ ይኖራል። እኔ አላመጣሁትም፤ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣ ነው። ዓይነ ስውር ነኝ፤ ስልኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር አለኝ። እንግሊዝኛ ሲሆን የሴት ድምፅ አለ፣ የወንድ አለ፣ የሕንድ አነጋገር አለ፣ ምረጪ እያለ ያማርጠኛል። አማርኛ ላይ ስደርስ ግን ያ አንድ ሰውዬ ብቻ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ጉንፋን የያዘው የቀበሌ ሊቀመንበር ነው የሚመስለው። የእናቴን ምርቃት የምሰማው በእሱ ድምፅ ነው። ጓደኛዬ ሳጂዳ የወር አበባዋ ሲያማት የምትጽፍልኝንም የሚያነብልኝ እሱ ነው፣ አስተግፊሩላህ! ለፕሮግራሙ ሠሪዎች አንዲት ሴት ብቻ ጨምሩልኝ ብዬ ስንቴ ጻፍኩ። ማን ሰምቶኝ።

ሐሚዳ እባላለሁ። ቦሌ መንገድ ላይ ያለ አንድ ድርጅት ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። እስካለፈው ዓመት ድረስ ቦሌ ሚካኤል፣ ታላቅ ወንድሜ አብዱልናስር ቤት፣ ከሚስቱ ከሸይማና ከልጆቻቸው ጋር ነበርኩ። አብዱልናስር ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከደሴ ይዞኝ የመጣውም፣ ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ክፉ አይወጣውም። ግን እዚያ ቤት ስልኬ አንድ ነገር ካነበበ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰማል፣ ሰምቶም ዝም አይልም። «ደግሞ ይሄ ምን ፈልጎ ነው የጻፈልሽ?» ይሉኛል፣ እኔ ገና መልእክቱን ሰምቼ ሳልጨርስ። ማዳመጫ አድርጊ ይሉኛል ደግሞ። ጆሮዬን ከደፈንኩት በምን ልይ?

ስለዚህ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ተከራየሁ። አብዱልናስር ብዙ ተከራክሮኝ አልሆን ሲለው፣ «አንድ ነገር ብሰማ፣ አንዲት ነገር ብሰማ ሐሚዳ፣ በዚያው ቀን ዕቃሽን ጭኜ እመልስሻለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። ወላሂ፣ የዚያችን ቤት ቁልፍ እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ ነው ሰው የሆንኩት። በሬን ዘግቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ የራሴን መልእክት ብቻዬን የሰማሁ ዕለት አልቅሻለሁ። ያቺን ቤት ማጣት ነበር ከሁሉ በላይ የምፈራው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤት ማንኪያ ሲወድቅ እኔ ነኝ የምደነግጠው። ከጎኔ እትዬ ብርኽቲ አሉ፣ ጡረታ የወጡ የመቀሌ ነርስ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኔ ሳልሰማ ብሎኩ በሙሉ ስለ እኔ ያወራ ነበር። ያቺ ዓይነ ስውር ልጅ፣ ያቺ ሒጃብ የምታጠልቀው፣ በየማታው ወንድ ይመጣላታል፣ ሲያወራ ሲያወራ ያመሻል፣ ሲወጣ ግን ያየው የለም!

ወሬው ቦሌ ሚካኤል ደረሰ። አብዱልናስር እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ። በሩን ስከፍትለት ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም። «የታለ?» አለ። ቁም ሳጥኔን ከፈተ፣ መታጠቢያ ቤት ገባ፣ አልጋ ሥር ጎንበስ አለ። ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም፤ የገባኝ ቤቴ ከእጄ እየወጣ መሆኑ ብቻ ነው። በዚህ መሀል ስልኬ ከእጄ ላይ በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ «ባትሪው አስራ አምስት በመቶ ቀርቶታል» አለ።

ከዚያ ነገሩን ለማየት በሬ ላይ ቆመው የነበሩት እትዬ ብርኽቲ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ዋይ! ዋይ ጓለይ! ይሄ ነው እንዴ ሰውዬው?» ልጄ ሲሉኝ ነው ጓለይ የሚሉት። አብዱልናስር አፍሮ ግንባሬን ሳመኝ፣ እየሳቀ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ «የሐሚዳ ባል» ሆነ። ደረጃ ላይ፣ ጥበቃው ጋ፣ ሱቁ ጋ፣ «ባልሽ ደህና ነው?» እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። እኔም እስቃለሁ፤ ቤቴ ተርፎልኛላ! ከእንግዲህ ከእኔ ቤት የወንድ ድምፅ ቢሰማ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው እንደማይኖር አላሰብኩም።

ኀሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ አስር ተኩል አልፎ ነበር። የአስር ሶላት ሳልሰግድ እንዳያልፈኝ ቸኩያለሁ። በሬን ከፍቼ ልገባ ስል አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። እዚህ አካባቢ አውሮፕላን ሲያልፍ እኔ እንደገና ነው የምታወረው፤ የሚሰማኝ አንድ ነገር የለም። ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቆለፍኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። ቦርሳዬን አስቀምጬ ስልኬን አወጣሁ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታ ነው፣ ሲጋራና ማስቲካ። ከዚያ ወንበሬ ሲጢጥ አለ።

«እንዴት ዋልሽ?» አለ ወንድ።

አላህ ያውቃል፣ ስልኬ መስሎኝ ነበር። ጣቴ ስክሪኑ ላይ ነበረችና። ግን ያ ሰውዬ ስንት ዘመን አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን እንዴት ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም።

«ማነህ? እንዴት ገባህ?»

«ከኋላሽ ነዋ። በሩን የዘጋሽልኝ ራስሽ ነሽ» አለ በቀስታ። «አትፍሪ። ትንሽ እንጫወት ብዬ ነው።»

«ውጣ! ውጣልኝ! ውጣ አልኩህ እኮ!»

ግድግዳው ተንኳኳ። ያ አላህ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ የእትዬ ብርኽቲ ድምፅ በሳቅ ታጅቦ መጣ። «ሐሚዳ! ዛሬ ደግሞ ከባልሽ ጋር ተጣላሽ?»

ሰውዬውም ሳቀ፣ ድምፁን አፍኖ። «ሰማሽ?» አለኝ። «ስልክሽ እኮ ነኝ።»

እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዬ አላውቅም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እሱ ተነስቶ በእኔና በበሩ መሀል ሲቆም ሰማሁት። «ብትጮሂም ምንም አይደል» አለ፣ ሰው እንደሚመክር ረጋ ብሎ። «ጠርታኝ ነው የመጣሁት እላለሁ። በሩ ከውስጥ ነው የተቆለፈው። ወንድምሽ ማንን ያምናል?» ወንድሜንም ያውቃል! ቀልዱንም ያውቃል! ደረጃ ላይ ሰላም የሚሉኝን ወንዶች ሁሉ ድምፅ አንድ በአንድ አሰብኩ፤ የእሱ የለበትም። ዝም ብለው በአጠገቤ ከሚያልፉት አንዱ ነው ማለት ነው። ስንት ጊዜ አልፎኝ ይሆን?

ወደ እኔ መጣ። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ የእትዬ ብርኽቲ ግድግዳ ላይ። ከወዲያ በኩል ቴሌቪዥናቸው ይሰማኛል። እሳቸው እዚያ ተቀምጠዋል፣ እኔ እዚህ ልሞት ነው፣ የሚመጡበት ምክንያት ግን የለም። ወንድ ሲያወራ ይሰማሉ፤ ወንድ ደግሞ በዚህ ቤት ሁልጊዜ ያወራል። አንድ ወንድ አለኝ ብለው ያምናሉ። አንድ ብቻ።

ቴሌግራም ከፈትኩ። በብሎካችን ቡድን ላይ የነዋሪዎች ኮሚቴ ረጅም ማስታወቂያ ልኮ ነበር፤ እነሱ አጭር ጽፈው አያውቁም፣ አላህ ይስጣቸው። ድምፁን እስከ ጥጉ ከፍ አድርጌ እንዲያነብ አዘዝኩት።

«ውድ የብሎክ ነዋሪዎች!» አለ ስልኬ፣ ቤቱን እያናጋ። «ውሃ በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ…»

«ምንድን ነው? አጥፊው!»

«…በየደረጃው ላይ ጀሪካን የምታስቀምጡ…»

«አጥፊው አልኩሽ! ስጪኝ!» እጄን ያዘኝ፣ ጠመዘዘኝ። ስልኩን ደረቴና ግድግዳው መሀል ደፍቼ ያዝኩት። ያ ሰውዬ ስለ ቆሻሻ መጣያ ይደሰኩራል፣ ይሄኛው ጆሮዬ ሥር ይጮሃል፣ እኔ በልቤ «ያ ረቢ፣ ይናገር፣ ዝም አይበል፣ ሁለቱም ዝም አይበሉ» እላለሁ።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

ከዚያ በሬ በቡጢ ተደበደበ። «ሐሚዳ! ክፈቺ! ጓለይ፣ ክፈቺ! ኧረ ሰው! ኧረ ጎረቤት፣ ድረሱልኝ!» የእትዬ ብርኽቲ ጩኸት ደረጃውን ሞላው፤ የፎቃችን በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። ሰውዬው እጄን ለቀቀ። ሸሚዙን ሲያስተካክል ሰማሁት፣ አያችሁልኝ? በሩን ራሱ ከፈተ። «ዲሽ ልሠራ ነው የመጣሁት፣ እናቴ» አላቸው በትሕትና፣ አልፏቸው ወረደ። ሰው ነገሩን እስኪረዳ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ደህና ዋል ብሎት ወጥቷል።

እትዬ ብርኽቲ አቀፉኝ። «ያንቺ ስልክ አንድ ሰው ነው» አሉኝ፣ «ሁለት ሆኖ ሲጣላ ሰምቼ አላውቅም። ስቄ ነበር እኮ፣ ሐሚዳ! ተቀምጬ ስቄ ነበር!» ያለቀሱት ልቅሶ አንጀቴን በላው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃሌን ሰጠሁ። መልኩን ንገሪን አሉኝ። ምን ልበላቸው? እትዬ ብርኽቲ ነገሩልኝ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ደህና ሰው የሚመስል። እንግዲህ ቦሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት አለ። አብዱልናስር እዚያው ደረሰ። እንደ ለመደው ቢቆጣኝ በተሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ሲመልሰን መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ፣ እትዬ ብርኽቲ በር ላይ ስንደርስ ብቻ ተናገረ። «ነገ የዕቃ መኪና ይዤ እመጣለሁ።» «ብዬሽ ነበር» እንኳ አላለኝም። እኔም አልተከራከርኩም። የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም።

በነጋታው ከእትዬ ብርኽቲ ቤት ወደ ቤቴ ገባሁ። በሩን ቆለፍኩና ጥግ ጥጉን ዳሰስኩ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ አልጋው ሥር፣ ልክ ወንድሜ ያን ጊዜ እንዳደረገው። ማንም የለም። ስልኬን ከትናንት ጀምሮ ድምፁን ዘግቼዋለሁ። መልእክት እየመጣ እጄ ላይ ይርገበገባል፣ እኔ ልከፍተው አልችልም። እዚህ ቤት ውስጥ ወንድ ሲናገር መስማት አልችልም! ሴት ቢሆን፣ ልጅ ቢሆን፣ የፈለገው ይሁን፣ ሌላ ድምፅ ቢኖረኝ ቀይሬው ነበር። የለኝማ። ወይ እሱን እሰማለሁ፣ ወይ እድሜ ልኬን የሰው አፍ እየጠበቅሁ እኖራለሁ። ወንድሜ ቤት ብመለስ የሚያነብልኝ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ግን የእኔ የምለው አንዲት ቃል አይኖረኝም።

ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ድምፁን ከፈትኩት።

«አብዱልናስር» አለ ሰውዬው። ፊቴን ወደ ወንበሩ አዞርኩ፣ እንደሚያይ ሰው። «ከታች ቆሜያለሁ። ውረጂ።»

የወንድሜ ቃል ነው። ድምፁ ግን የወንድሜ አይደለም፣ ለዚህ ነው ያለቀስኩት። እያለቀስኩ ጻፍኩለት። እያንዳንዷን ፊደል በነካሁ ቁጥር ሰውዬው ይደግማታል፤ በደገመ ቁጥር እደነግጣለሁ፣ ደንግጬም እጽፋለሁ። «አልወርድም። ከፈለግህ አንተ ውጣ። ዝም ብለህ ግን አትምጣ። ከታች ጀምረህ እያወራህ ና፣ አንተ መሆንህን ልወቅ።»

ላክሁት። መልስ የለም። የሄደ መሰለኝ።

ከዚያ ከምድር ቤት ድምፅ መጣ። አብዱልናስር ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሱቁ ውስጥ እንኳ ዋጋ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። «እኔ ነኝ» ይላል፣ አፍሮ። «ሐሚዳ፣ እኔ ነኝ።» ሁለተኛው ፎቅ ላይ በር ተከፈተ። «አብዱልናስር ነኝ፣ የሐሚዳ ወንድም ነኝ፣ ይቅርታ» አለ ለሆነ ሰው፣ ወሬውንም አላቋረጠም። «እየመጣሁ ነው። ምን ልበልሽ… ሸይማ ሰላም ብላሻለች፣ ልጆቹም… ደረጃው ደግሞ አያልቅም እንዴ!» ሦስተኛው ላይ ትንፋሹ ተቆራረጠ። «መኪናውን… ሸኝቼዋለሁ። ሰማሽ? ሾፌሩን ሂድ ብዬዋለሁ። እየመጣሁ ነው።» ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት፣ ግን ዝም አላለም፤ የሚለው ሲያልቅበት ስሜን ደጋግሞ ይጠራል።

በሬ ላይ ደረሰ። «ደረስኩ። በር ላይ ነኝ። ብቻዬን ነኝ። ክፈቺልኝ።»

ወንድሜ ነው። በደንብ አውቄዋለሁ። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር፣ ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«ትንሽ ጨምር» አልኩት።

ጨመረልኝ።