ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረ

ሕዝብ ቆጣሪዋ በሌላው ጊዜ የሒሳብ መምህርት ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታብሌት ይዛ በር ማንኳኳት የጀመረችው በፈቃዷ ነው፤ የሚደርሳትን ሰፈር ግን አልመረጠችም። ዕጣ የሚሉት ነገር ሥራውን ያውቃል፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ላለማለፍ መንገድ ስታጠማዝዝበት የኖረችው ቦታ ላይ ወስዶ ጣላት።

የተወለደችበት ሰፈር ነው። ነው መባሉ ለወጉ ነው እንጂ ሰፈሩስ የለም። የጭቃ ግድግዳው፣ ስድስት ቤተሰብ የሚቀዳበት ቧንቧ፣ ሰው ከሰው ትከሻ ሳይነካካ የማያልፍበት ቀጭን መንገድ፣ ሁሉም በሁለት ሳምንት ተጠርጎ በቦታው ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል።

ስድስቱን ፎቆች ያለ ችግር ቆጠረች። ሰዉ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በቁልፉ ድምፅ እንጂ በመልኩ አያውቀውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሾፌር፣ ሚስቴ ሆድ ውስጥ ያለውንም ካልቆጠርሽ ብሎ ድርቅ አለባት።

"ጋሼ፣ ያልተወለደ አይቆጠርም።"

"ከእኔ በላይ ይበላል እኮ!"

ስቃ ወጣች። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሳቋ እሱ ነበር።

ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ከፈቱላት። ዕድሜያቸውን በዘበኝነት የጨረሱ መሆናቸው ከአቋማቸው ያስታውቃል፤ ቤታቸው ውስጥ ሆነውም ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል። ከኋላቸው ምራታቸው አንሶላ ታጥፋለች።

"አባባ፣ ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረው ሰው ስንት ነው?"

"ሦስት። እኔ፣ ምራቴና ልጁ።"

"ልጅዎ የት ነው ያለው?"

"የእኔማ ባሕር ማዶ ነው፤ እሱን አትቁጠሪው። ልጁን ነው የምልሽ።"

ምራቲቱ አንሶላውን ጣል አደረገችው። "እባክሽ ሁለት ብለሽ ጻፊ። አባባ፣ ደግሞ ጀመሩ?"

"ምን ጀመርኩ? ያለውን ሰው የለም ልበል?"

"ሊፍቱ ማንም ሳይጠራው አምስተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል" አለች ምራቲቱ፣ አንገቷን ደፍታ። "በሩ ይከፈታል፤ የሚገባ የለም፤ ይዘጋል። ባለሙያ አራቴ መጥቶ ምንም አላገኘበትም። እሳቸው ግን ልጁ ነው ይላሉ። ነዋሪው በእኛ ይስቃል። የሚስቀው ሁሉ ግን ብቻውን አይሳፈርም።"

ቆጣሪዋ ለትሕትና ያህል ጠየቀች። "የቱ ልጅ ነው፣ አባባ?"

ሽማግሌው ተቀመጡ። "ሕንጻው ሲሠራ እኔ ነበርኩ የምጠብቀው። እሱ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ጎጆዬ ውስጥ አብሮኝ ያድራል። ከሩቅ እርሻ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ሰፈሩ የለም፤ ያገኘው የቆርቆሮ አጥር ነው። እናቱና እህቱ የት እንደተወሰዱ የሚነግረው አጣ። ቢሮ ሄደ፤ መዝገቡ ተዛውሯል አሉት። ወዴት ቢል፣ እሱንም አናውቅም። 'እንግዲያው ከዚህ አልነቃነቅም' አለኝ። 'ሰው የተወለደበትን ሳያይ አይቀርም፤ አንድ ቀን ይመጣሉ። ሲመጡ እዚሁ ያገኙኛል።' አሸዋ ተሸከመ፣ ሲሚንቶ አቦካ። በምሳ ሰዓት አጥሩ ጋ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል።"

ቆጣሪዋ ታብሌቱን ዝቅ አደረገች። "ማን ይባላል?"

"ፉጨት ነበር የምንለው። ሰፈሩም እንደዚያ ይለው ነበር አሉ። አፉ አያርፍማ!"

የበሩን መቃን ያዘች። ወንድሟ ነው። ከእርሻው ወጥቷል ከተባለ በኋላ የውኃ ሽታ ሆኖ የቀረው ወንድሟ። እናቷ በየሆስፒታሉና በየእስር ቤቱ በር ስትለምን፣ እሷ በየመናኸሪያው ፎቶ ስታሳይ ነበር። ፈልገው ያልረገጡት ቦታ ይህ ብቻ ነው። የፈረሰ ቤት ምን ይታያል ብላ እናቷንም ያስቀረቻት እሷ ናት።

"እንዴት ሞተ?" አለች። ሞተ ያላት ሰው አልነበረም።

"የሊፍቱ ጉድጓድ ገና ክፍት ነበር። እሱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት፣ በጸሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ስታልፍ አይቶ 'እህቴን መሰለችኝ' አለና ለመውረድ ሲሮጥ ጉድጓዱን ረሳው።"

እሷ አልነበረችም። በዚያ በኩል አንድም ቀን አላለፈችም። ይኸው ነው አንጀቷን የቆረጠው።

"ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

"እህቱ ነኝ።"

ሽማግሌው ካፖርታቸውን አስተካክለው ተነሡ። "ቆይተሽ መጣሽ" አሉ፣ ቀስ ብለው። ለወቀሳ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ወቀሳ ይሻላት ነበር።

ታብሌቱ አሁንም ስንት ሰው ይላታል። ጣቷ ሦስት ላይ ቆየ። ከዚያ ሁለት ብላ ጻፈች፤ የጻፈችውንም ጠላችው።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ዳር ወዳለው ቤታቸው ስትመለስ እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። መርፌዋን አስቀመጠችላትና ሁሉንም ነገረቻት። እናትየዋ አልጮኸችም።

"ብቻውን ነበር?"

"አልነበረም። አንድ ዘበኛ አብሮት ያድር ነበር።"

"ሰውየው አለ?"

"አለ።"

"ውሰጂኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ በደረጃ እንውጣ ብትል የእናቷ ጉልበት እምቢ አለ። ሊፍት ውስጥ ገቡ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ባዶ ኮሪደር፣ የተሰጣ ልብስ፣ ሌላ ምንም። እናትየዋ አልደነገጠችም። ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና በመካከላቸው ቦታ ለቀቀች።

"ና ግባ፣ የእኔ ልጅ። እኛ ነን።"

በሩ ተዘጋ። ልጅቷ እግሯን ሰበሰበች፤ ያንን ባዶ ቦታ ላለመርገጥ ትንፋሿን ሳይቀር ዋጠች።

ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

"እርስዎ ነዎት ልጄን ያሳደሩልኝ?" አለች እናትየዋ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። የቀበረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ቦታውን ግን አውቀዋለሁ። ድንጋይ አስቀምጬበታለሁ። ባሰኘዎት ቀን አብረን እንሄዳለን።"

"ዛሬ ስለ እሱ ያውሩልኝ። ምን ያወራ ነበር? ምን ያስቀው ነበር?"

ልጅቷ መስማት አልቻለችም። አምስት ፎቅ ይቀራታል፤ ሥራ ሥራ ነውና ወጣች። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዲት አዲስ ሙሽራ "ከዚህ ሕንጻ በፊት ባዶ ሜዳ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ሰው ነበረበት" አለችና ወደሚቀጥለው በር አለፈች።

ጨርሳ ስትወርድ ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቀበሏት። እናቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ቅጠል ሲነቃነቅ ብድግ የምትል ሴት፣ አሁን አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን ትተነፍሳለች። ምራቲቱ ያጠፈችውን አንሶላ ዘርግታ አልብሳታለች።

ልጅቷ አልቀሰቀሰቻትም። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን ጫማ አወለቀችላት።