የማኒ ጉትኪን ጥንስስ

ሎቲ ጉትኪን ስለ ባሏ ቢራ ዛሬ ለስንተኛ ጊዜ እያወራች እንደሆነ ልጇ ዜልዳ መቁጠር ትታለች። እሑድ ነው፣ ማኒ ከተቀበረ አምስተኛው ቀን፤ በአይሁድ ደንብ ሐዘን የሚቀመጡት ሰባት ቀን ነው። ውጭ የኦሪገን ዝናብ ያለ ፋታ ይወርዳል። በሩ ለለቀስተኛ ሳይቆለፍ ስለሚውል፣ የመጣው ሁሉ እርጥብ ኮቱን በሌላው ኮት ላይ ይከምርና ያመጣውን ምስር ወይም ቅቅል እንቁላል ለወጥ ቤት ያስረክባል፤ ከዚያ በሎቲ እጅ ይወድቃል። ሎቲም ከዝቅተኛዋ የሐዘን ወንበር ሳትነሳ ታሪኩን ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች። ማኒ የሚወደውን የኮርቢ ሂል ቢራ እቤቱ አስመስሎ ለመጥመቅ አሥራ አንድ ዓመት ለፍቷል። ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ተሳካለት። ያውም በምላስ ነገር ማንም የማያታልላት ዜልዳ ሁለቱን መለየት አቃታት።

«እሷ ካልለየችው ማን ሊለየው ነው? ይቻት፣ ጠይቋት» አለች ሎቲ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ዜልዳን አያት። ዜልዳ ለሐዘን የተቀደደውን የሹራቧን ደረት በእጇ ሰብስባ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረገች እሱንም አልቆጠረችም፤ ብትቆጥር ታፍር ነበር። ምክንያቱም ውሸት ነው። ለይታዋለች፤ ገና ስታሸተው ለይታዋለች።

ውሸቱ እዚያው ቤት ውስጥ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን ወንድሟ ኤሊዮት ከሐዘን ለሚነሱበት ለማክሰኞ ጠዋት የአባቱን የቤት ጠማቂዎች ማኅበር አባላት ሁሉ ጠርቷል። አሥራ አራት ናቸው፤ አሥራ አራቱም አንዴ ጎንጨት ካሉ በኋላ ጌሾው ስንት ደቂቃ እንደፈላ ካልተናገርን ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። ኤሊዮት ሁለት ካርቶን ኮርቢ ሂል ገዝቶ ጋራዥ አስቀምጧል። የማኒን ጠርሙሶች ከጎኑ ከፍተው፣ አነጻጽረው፣ ስሙን ጠርተው ሊጠጡለት ነው። ያን ጊዜ የማኒ ቢራ፣ እርሾው ሥራውን እንዳልጨረሰ ጥንስስ፣ ቅቤ ቅቤ እንደሚል ሁሉም ያውቃል። አባቷም የልፋቱን ያገኘ ሰው መሆኑ ይቀርና ልጁ ያታለለችው ምስኪን ሽማግሌ ይሆናል። ሎቲ ደግሞ ይህን በሰው ፊት ትሰማዋለች።

ጠርሙሶቹን ማጥፋት አትችልም። ያሉት አራት መንገድ አለፍ ብሎ በሔርሽል ፖመራንዝ የጓሮ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ማኒ እዚያ የወሰዳቸው ቅዝቃዜውን ብሎ ነው። ሐዘንተኛ ደግሞ ሰባት ቀን ከቤት አይወጣም። ትናንት ሰንበት ስለነበር ብቻ ወደ ምኩራብ ወጥታለች፤ እናቷ በቀኝ፣ ወንድሟ በግራ ክንዷን ይዘው ወሰዷት፣ እንደዚያው ይዘው መለሷት። አሁን ከመስኮቱ ሆና መንገዱን ስታየው የአሥር ደቂቃ እርምጃ ነው፤ የአሥር ቀን ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሔርሽል ራሱ ግን እዚሁ አለ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይመጣል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይውላል። ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት ለቀስተኛ አይናገርም የሚል የአባቶች ደንብ አለ። ደንቡን የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የሚያከብረው ግን ሔርሽል ብቻ ይመስላል። ሌላው ገና ኮቱን ሳያወልቅ ስለ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ያወራል። ሔርሽል የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ነው፣ የማኒ የአርባ ዓመት ወዳጅ፣ በማኅበሩም አንደኛ ቀማሽ። ዜልዳ ካናገረችው የቢራውን ነገር ማንሳቱ አይቀርም። ስለዚህ አምስት ቀን ሙሉ ዘጋችው። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሀል ስለ አባቷ ልታወራው የምትፈልገው ሰው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር።

ማኒ የመድኃኒት ቀማሚ ነበር። ከሎቲ ጋር ከክሊቭላንድ ወደዚህ ከተማ ሲመጡ ዕቃቸውን የጫነው መኪና ሁለት ቀን ዘገየ፤ ባዶ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው የጠጡት የመጀመሪያ ቢራ ኮርቢ ሂል ነበር። ፔል ኤል የሚሉት ዓይነት ነው፤ መልኩ የማር፣ ሽታው የትርንጎ ልጣጭና የጥድ። ጡረታ ሲወጣ ያንን ቢራ በገዛ እጄ ካልጠመቅኩ አለ። ሎቲ አላስቀመጠችውም። ሱቁ በአሥር ዶላር የሚሸጠውን አንተ በአርባ ዶላር ታበላሸዋለህ ትለው ነበር። እሱ አይቆጣም፤ የምወደው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳላውቅ ልሙት እንዴ ይላታል። ብቅሉን በመድኃኒት ሚዛን ይመዝናል። ካስኬድ የሚባለውን የዚህን አገር ጌሾ በመዳፉ አሽቶ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ካላሸተትክልኝ ብሎ ያስጨንቃል።

ዜልዳን ማስቀመስ የጀመረው ገና በልጅነቷ ነው፤ ያኔ ሾርባና የሳል ሽሮፕ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፦ አፍሽን ይሉኝታ አታስተምሪው። መጥፎውን ጥሩ ካለችው ፊቱ ይጠቁራል። መጥፎ ነው ካለችው ግን እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያወርድና «ቀጥዪ» ይላታል። አድጋ የከተማው ውሃ ላቦራቶሪ ቀማሽ ሆነች፤ የግድቡ ውሃ አፈር አፈር ማለት ሲጀምር ከመሣሪያው ቀድማ ታውቃለች። ማኒ በጠመቀ ቁጥር ሦስት ብርጭቆ ይደረድርላታል። ሁለቱ ኮርቢ ሂል ናቸው፣ አንዱ የእሱ ነው፤ የእሷ ሥራ የእሱን ማውጣት ነው። ሃያ ሦስት ጊዜ ጠመቀ፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ለየችው።

በሃያ አራተኛው ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምንሰጥዎት ሕክምና የለም ብለውት ነበር። መድኃኒቱ ምላሱን ስለገደለበት ውሃውም ሾርባውም ብረት ብረት ይለዋል። ሸሚዙ ሰፍቶታል። ሦስቱን ብርጭቆ ቀድቶ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደረና እርሳሱን ይዞ ቁጭ አለ። ዜልዳ የመሀለኛውን ብርጭቆ ገና ወደ አፏ ስታስጠጋ የቅቤው ሽታ መጣባት። ቀና ብላ አባቷን አየችው። ከዚያ የግራውን አመለከተች።

ማኒ ብርጭቆዎቹን ረዘም ላለ ጊዜ አያቸው። ቀጥሎ ሳቀ፣ ሎቲን ጠራት፣ እጇን ሳመ። ዜልዳም ደግ ሥራ እንደሠራች አመነች።

እሑድ ከሰዓት ኤሊዮትን ኮሪደሩ ላይ፣ ለሐዘኑ ጨርቅ ከለበሰው መስታወት አጠገብ ያዘችውና የማክሰኞውን ነገር እንዲሰርዘው ለመነችው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም። ኤሊዮት እናታችን ከረቡዕ ጀምሮ እህል የቀመሰችው በዚህ ወሬ ኃይል ነው፤ እሱን ልትነጥቂያት ነው ወይ አላት። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሔርሽል ፊት ለፊቷ ነበር። እስከ ምሽት ጸሎት ድረስ እሷ ምንጣፉን፣ እሱ ባርኔጣውን ሲያዩ ዋሉ።

ሰኞ ለቀስተኛው ሳሳ። ሎቲ ራስ ምታት ይዟት ጋደም ብላለች፣ ኤሊዮት ጓሮ ወጥቶ ስልክ ያወራል። ሔርሽል በሰዓቱ መጥቶ ተቀመጠ። ለነገ ጠዋት የቀረው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር። ዜልዳ እዚህ ቤት ውስጥ የቀረላት በር አንድ ብቻ እንደሆነ ገባት፣ እሱም ይሄ ዝም ያለ ሽማግሌ ነው።

«አጎቴ ሔርሽል» አለችው።

ሔርሽል ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «እህ፣ ልጄ።»

«ያን ቀን ለይቼው ነበር። የመሀሉ ነበር። ዋሸሁት።»

ይህን ካለች በኋላ የቀረው ተከታትሎ ወጣ። ስለ ቅቤው ነገረችው፣ እናቷ ለሰው ሁሉ ስለምታወራው ነገረችው። ጠርሙሶቹን ዛሬውኑ እንዲደፋቸው፣ ተሰበሩ ወይም ፈነዱ እንዲል፣ ብቻ ነገ እዚህ ቤት እንዳይመጡ ለመነችው። ሔርሽል አላቋረጣትም። ስትጨርስ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንዲት ቡናማ የመድኃኒት ጠርሙስ አወጣ፣ ክዳኗን ከፈተና አቀበላት።

«ቅመሺ።»

«አሁን?»

«አሁን። በየቀኑ እየቀዳሁ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ዝም ስትዪኝ እንደያዝኩት እመለሳለሁ።»

አሸተተችው፣ ቀመሰችው። ትርንጎው መጣ፣ ጥዱ መጣ፣ መራራው ልክ መምጣት ባለበት ቦታ መጣና ደግሞ ልክ በጊዜው ሄደ። ዜልዳ ዓይኗን ጨፈነች። ከሁሉ በኋላ፣ ከምላሷ ሥር፣ ያው የምታውቀው ነገር ነበር።

«ቅቤ አለው» አለች ሳታስበው። «ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። የማን ነው?»

«የአባትሽ።»

«አይደለም። የአባዬ እንዲህ አልነበረም።»

«ያኛውንማ አጥሬ ሥር ደፋሁት። ራሱ ቆሞ ነው ያስደፋኝ። ጽጌረዳዬ እስካሁን አላገገመም።»

ከዚያ ሔርሽል ቀስ እያለ ነገራት። ማኒ በማግሥቱ ጠርሙሶቹን ይዞ ሔርሽል ቤት ሄደና ቅመስ አለው። ሔርሽልም ቅቤ ቅቤ ይላል አለው፤ ለማኒ መዋሸት ተምሮ አያውቅም። ማኒ አልደነገጠም። ዜልዳ መጥፎ ነገር ስታሸት ሳትቀምሰው አፍንጫዋ ይሸበሸባል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ያን ቀን አፍንጫዋ በመሀለኛው ብርጭቆ ላይ ተሸበሸበ፣ ጣቷ ግን ወደ ግራው ሄደ። ብርጭቆዎቹን የቀዳው እሱ ነው፤ የትኛው የት እንዳለ ያውቃል።

«ተቀየመኝ?»

ሔርሽል ፊቷን እያየ መለሰ። ሊያሳምርላት እየሞከረ እንዳልሆነ ታየ።

«‹ሔርሽ፣ ልጄ በቁሜ ቀበረችኝ› አለኝ። ከዚያ ብቅል መዝን አለኝ።»

ዜልዳ ጠርሙሷን እንደያዘች ቀረች። ስድስት ቀን ሙሉ ሰው አባቷን ምስኪን እንዳይለው ስትጠብቀው ነበር፤ መጀመሪያ ምስኪን ያለችው ግን ራሷ ናት። ያኔ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እሱ እርሳስ ይዞ ቀጥዪ ሊላት ሲጠብቅ፣ እሷ አልቆለታል ብላ ፈረደችበት። እንባዋ መጣ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሔርሽል እንዳላየ ሆኖ ባርኔጣውን ከወለሉ አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

ሃያ አምስተኛውን የጠመቁት ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት፣ በሔርሽል መጋዘን ውስጥ ነው። ማኒ የጓሮ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያዝዛል፣ ሔርሽል ያነሳል፣ ይቀዳል፣ ይሰደባል። ቢራው አሁን እዚያው በመስታወት ገንቦ ውስጥ ነው። ለዜልዳ አቅምሳት ብሎታል ማኒ፤ የማን እንደሆነ ግን መልስ ሳትሰጥህ እንዳትነግራት።

«ታዲያ ምን ይሻለዋል?» አላት ሔርሽል።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «መጋዘኑ ይቀዘቅዛል?»

«ዝናቡ ከገባ ወዲህ እኔም ካፖርት ለብሼ ነው የምገባው።»

«በርዶት ነው እንጂ እርሾው አልሞተም። ከሞቀው ቅቤውን ራሱ ይበላዋል። ወደ ቤት ያስገቡት፣ ከወለሉ ከፍ ያድርጉት። ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን።»

«ምንድን ነው እሱ?» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ። ሎቲ ነበረች፣ ፀጉሯ በአንድ በኩል ተኝቷል።

ዜልዳ ጠርሙሷን ለመደበቅ አልሞከረችም። «የነገው ሰው ይቅር እማዬ። የአባዬ ቢራ አልደረሰም።»

«ደርሷል ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ዋሽቼ ነው።»

ሎቲ ልጇን አየቻት፣ ሔርሽልን አየችው፣ ወደ ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠች። ማኒ ያውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ያውቅ ነበር አላት ሔርሽል፣ ስለ አዲሱም ነገራት። ዜልዳ ወሬዋን የነጠቀቻትን እናቷን ለማየት ድፍረት አጣች። ሎቲ ግን ከንፈሯን ነክሳ ሌላ ነገር ስታሰላ ነበር።

«ካርታ ልጫወት ነው ብሎኝ ነው የወጣው» አለች በመጨረሻ። «ሐኪሙ ከአልጋ አትውረድ ብሎት። በዚያ ብርድ።» ከዚያ ድምፁ የማይሰማ ሳቅ ትከሻዋን ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ መጨረሻው ግን ሳቅ አልነበረም። ዜልዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የእናቷን እግር ያዘች። ሔርሽልም ዝም አለ፤ አሁን የሚያስገድደው ደንብ አልነበረም።

«ለሠላሳኛው ቀን መታሰቢያ ይደርሳል?» አለች ሎቲ።

«ከደረሰ ደርሷል እላችኋለሁ። ካልደረሰ አልደረሰም እላለሁ።»

«እንደሱ በዪ።»

ሔርሽል ሊሄድ ተነሳ። ዜልዳ ቆዩኝ ብላው ወደ እናቷ መኝታ ቤት ገባችና ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የማኒን ወፍራም የሱፍ ጋዋን ይዛ ወጣች። ሎቲ ስታየው ብድግ አለች። ጋዋኑን አልወሰደችባትም። እጇን ኪሱ ውስጥ ከታ አንድ የተጨማደደ ሶፍትና ሁለት ከረሜላ አወጣች፣ በመዳፏ ጨበጠቻቸው፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

ዜልዳ ጋዋኑን ከትከሻው ይዛ ለሔርሽል አሳየችው። ግራና ቀኙን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ፣ ውስጡ ማንም በሌለው ልብስ ወገብ ላይ ቀበቶውን አዙራ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

«ገንቦውን እንዲህ አድርገው ያልብሱት» አለችው፣ ኮሌታውን ከፍ እያደረገች። «አንገቱ ጋ እንዳይበርደው።»