ስድስተኛው ጃርት

ጌም መፈተሽ ሥራ ነው ስላችሁ የምትስቁ ካላችሁ፣ ከአሁኑ ሳቁና ጨርሱ። አንዱን ድልድይ በቀን መቶ ጊዜ እሻገራለሁ፣ መቶ ጊዜ እሞታለሁ፣ ከዚያ የሞትኩበትን ምክንያት ቅጽ ላይ እሞላለሁ። ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ።

የዚህኛው ጌም ባለታሪክ ቦርሳ ያነገተ ፖስተኛ ነው። ከጣራ ጣራ እየዘለለ ደብዳቤ ያደርሳል፤ ጠላቶቹ ጃርቶች ናቸው። ጃርት ከጎን ከነካው ፖስተኛው ይሞታል፣ ከላይ ከዘለለበት ጃርቱ ይሞታል። መንገድ ላይ ነጭ ላባ ካገኘ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ላባዋን ከያዘ በኋላ የነካው ጃርት ሁሉ ትራስ ይሆናል፣ እሱም ትራሱ ላይ እየነጠረ ይሄዳል። ጌሙን ሊገዙ የመጡት ሴትዮም የሰሙት ስለዚህች ላባ ነው።

ላባዋን የሠራት ታናሽ ወንድሜ ነው። እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባሁት እኔው ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ድልድዩ ላይ ያሉትን ሰባቱንም ጃርት ትራስ ላደርግ ስሞክር ስድስተኛው ላይ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ደገምኩት፤ ደረቀ። ለካ ልጁ ፕሮግራሙ ውስጥ ለአምስት ትራስ ብቻ ቦታ አበጅቶ ኖሯል።

ቅጹን ልሞላ ስል ወንበሬ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"እታለም፣ በሞቴ! አንድ ስህተት ከተደገመብኝ ሥራ አስኪያጁ እንደሚያባርረኝ ነግሮኛል። ሚስቴም ልትወልድ የቀራት አንድ ወር ነው። በሁለት ቀን አስተካክለዋለሁ።"

አንጀቴን በላው። "ተፈትሿል፣ አልፏል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሁለት ቀኑ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ሦስት ሆነ። እኔም ላባዋን ከመያዜ በፊት ሁለቱን ጃርት ረግጬ መግደል ለመድኩ። አምስት ይቀራሉ፤ ጌሙ ያለ ችግር ያልፋል። ውሎ አድሮ ጣቶቼ በራሳቸው ጊዜ ይረግጧቸው ጀመር፣ ለምን እንደምረግጣቸው እንኳ ማሰብ ተውኩ። ፈታሽ ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ!

ማክሰኞ ጠዋት ገዢዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከኋላዬ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ እጁን እያሻሸ አጠገባቸው ነው፤ ወንድሜ በሩ ጋ ግድግዳ ተደግፏል። ድልድዩን ሁለት ጊዜ ተሻገርኩት። ሁለት ረገጥኩ፣ አምስቱ ትራስ ሆኑ፣ አለፍኩ።

"አንቺማ ዓይንሽን ጨፍነሽም ትሻገሪዋለሽ" አሉ ገዢዋ። "ነክቶት የማያውቅ ሰው ሲጫወተው ልይ። እኚህ እናት ለምን አይሞክሩትም?"

እኚህ እናት ያሏቸው የጽዳት ሠራተኛችንን ነው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ባልዲያቸውን ይዘው ሊያልፉ ሲሉ ነበር።

"እኔ? ኧረ ተዉኝ፣ ሰብሬው ጉድ ላፈላ!" አሉ። ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ ነበር። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ጎናቸው ቆምኩ። የኮምፒውተሩ ገመድ የተሰካበት ሶኬት እግሬ ሥር ነበር።

ጆይስቲኩን አስያዝኳቸውና የሚሄዱበትንና የሚዘሉበትን አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ ሞቱ፣ ሦስቴም ሳቁ። በአራተኛው ድልድዩ ጋ ደረሱ።

"እትዬ፣ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ይርገጧቸው" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ።

"ምን አድርገውኝ? ትራስ ለሚሆን ፍጡር እግሬን ላነሣ ነው?" ሁለቱን በላያቸው ዘለው አለፉና ላባዋን ያዙ። ከዚያ ዞር አሉ። "ኑ፣ እናንተንም አልረሳኋችሁ!"

አንድ። ሁለት። ገዢዋ በሳቅ ፍርስ አሉ። ሦስት። እኔ ውሃ ሆኛለሁ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። አራት።

"ጎበዝ እትዬ!" አለ ሥራ አስኪያጁ።

አምስት። ስድስተኛው ጃርት ድልድዩ ጫፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። እትዬ ምላሳቸውን ነክሰው ተጠጉት። ወንድሜ በዓይኑ ለመነኝ። የሚወለደው ልጅ ትዝ አለኝ። ገመዱን በእግሬ ስቤ ነቀልኩት።

ስክሪኑ ጠፋ።

"ምን ነኩ እርስዎ!" ሥራ አስኪያጁ እትዬ ላይ ጮኸ።

እትዬ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "ያሳየችኝን ብቻ እኮ ነው የነካሁት። ወይኔ ልጆቼ፣ አበላሸሁባችሁ?"

ወንድሜ ስነቅለው አይቶኛል። አንድ ነገር ይተነፍሳል ብዬ ጠበቅሁ። "አዎ፣ የማይነካ ነገር ነክተው ይሆናል" አለ።

ደሜ ፈላ። አፈርኩም፤ በእሱ ብቻ ሳይሆን በራሴም።

"እትዬ ምንም አልነኩም። ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ተንበርክኬ መልሼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። "እንደ ቅድሙ ይጫወቱ። ማንንም አይርገጡ።"

"ይቅርብኝ ልጄ።"

"ግድ የለም እትዬ። ለእኔ ሲሉ።"

አሁን አልሳቁም። ሁለት ጊዜ ሞቱና ድልድዩ ጋ ደረሱ። አራት። አምስት። ስድስት። ደረቀ። ፖስተኛው እግሩን እንዳንፈራጠጠ አየር ላይ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ከመሳቢያ አውጥቶ ፊርማዬን አየ። "ታውቂ ነበር?"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ።"

"የምታውቂው ብቻሽን ነው?"

ይህን መመለስ የእኔ ፋንታ አልነበረም። ወንድሜን አየሁት። ሌላ ነገር አልፈለግኩም፣ "እኔም አውቅ ነበር" ብቻ ቢል ይበቃኝ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ የማውቀው ነገር የለም" አለ። "አልፏል ብላ ፈርማልኛለች። እሷ ከፈረመች እኔ ምን ላድርግ?"

ገዢዋ ቦርሳቸውን አነሡ። "ሲስተካከል ጥሩኝ" ብለው ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ዕቃሽን ሰብስቢ አለኝ። ወንድሜን ግን ምንም አላለውም፤ ጌሙን የሚያስተካክልለት ሰው ያስፈልገዋላ!

ሻርፔንና ኩባያዬን ይዤ ወጣሁ። እትዬ ባልዲያቸውን እዚያው ትተው እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ሥራ ጀምሯል።

"ልጄ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ልጅ ወንድሟ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ውሸት ኖሯል?"

"እውነት ነው" አልኳቸው።