ድምፅ ይቅደም

…በኢንተርኔቱ መስመር ከገዢዎቹ ጋር ያለው የቪዲዮ ስብሰባ አንደኛ፣ የሂሳብ ሲስተሙ ሁለተኛ፣ ኢሜይል ቀጥሎ፣ ቴሌግራም ምናምን መጨረሻ፣ ብለዋል አቶ ኪሩቤል፣ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ ይበሉ፣ እኔም እሺ ብዬ ራውተሩ ላይ እንዳሉት ደርድሬዋለሁ፣ ለሰበታ ሳሙና ፋብሪካ መቼም ይበቃል፣ ግን ይሄ ዱባለ፣ የስቶሩ ዱባለ፣ ስልኩን እንደ እንቁላል ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ትጊዬ፣ ልጅቷን ሊጠይቁልኝ ሽማግሌዎቹ ሶዶ አባቷ ቤት ገብተዋል፣ በናትሽ መስመር ስጪኝ። ልጁ ራሱ አብሮ መሄድ ነውር ነው፣ ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ ስልኩን ከፍቶ ደረት ኪሱ ከቶታል፣ ቪዲዮ ኮል፣ ከኪስ ውስጥ! የሚታየው የሸሚዝ ጨርቅ፣ እሱም እየተቆራረጠ።

ልጃችሁን ለልጃች… እኛም አስበን… አስባችሁ ምን? እሺ ነው እምቢ? የዱባለ ከንፈር ደርቋል፣ አንጀቴን በላው።

ቪዲዮውን አጥፋው የኔ ጌታ፣ ጨርቅ ማየት ምን ያደርግልሃል፣ ድምፅ የሚበላው ትንሽ ነው፣ ድምፅ ይቅደም። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ የዱባለን ስልክ ከስብሰባው በላይ አወጣሁት፣ በድንጋጤ የስብሰባውንም ድርሻ አብዝቼ ቀነስኩት መሰለኝ፣ አቶ ኪሩቤል ደወሉ፣ ትጊ፣ ስታክ አደረግኩ እኮ፣ ገዢዎቹ አፌን እንደከፈትኩ ነው የሚያዩኝ፣ እያየሁት ነው ጋሼ፣ አንዴ ይታገሱኝ። አልዋሸሁም፣ እያየሁት ነው።

ጥርት አለ። የሽማግሌ ሳል ሳይቀር ይሰማል። አባቷ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ልጅቷን ጠየቅናት፣ ከሱ ሌላ አላውቅም አለች፣ እኛ ምን እንላለን፣ ግን ልጁስ ከራሱ አፍ ምን ይላል፣ አንተ፣ ኪስህ ውስጥ ያለውን አውጣው እንጂ። ወይ ጉድ፣ አውቀውታል! ኮሽ ኮሽ፣ ወጣ። ዱባለ፣ ልጄን አደራ ብልህ ትችላለህ?

ኧረ ተናገር፣ በክርኔ ጎሸም አደርገዋለሁ፣ ዝም፣ ይሄ ማዳበሪያ ሙሉ የሳሙና ሶዳ ብቻውን የሚሸከም ሰው። ሃሎ? ይላሉ አባቷ፣ ተቆረጠ እንዴ፣ ወይ ይሄ ኔትወርክ። እንዴ፣ ምን ሲደረግ፣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው፣ መስመሩ ንፁህ ነው፣ በኔትወርኬማ ቀልድ የለም፣ ስልኩን ከእጁ ቀማሁት፣

አልተቆረጠም አባባ፣ እያለቀሰ ነው።